«ዩስ»፦ የሕግ ቋንቋ ግንድ

የሕግ ተማሪ ገና ትምህርቱን ሲጀምር «ደ ጁሬ» እና «ጁስ ኮጀንስ» የሚሉ የላቲን ሐረጎችን ይሸመድዳል። የሁለቱም ግንድ አንድ አጭር ስም ነው፤ ሮማውያን «ዩስ» ይሉት ነበር። «ጁ» የኋላ ዘመን አነባበብ ነው።

እኛ ሕግ፣ መብት፣ ችሎት ብለን የምንለያቸውን ሦስቱን ይህ ስም ብቻውን ይሸከማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ የወጣው የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ የሚጀምረው «ወደ ዩስ» የተጠራ ሰው እንዲሄድ በማዘዝ ነው፤ ወደ ችሎት ማለቱ ነው። የወጣ ድንጋጌ ግን «ሌክስ» የሚል የራሱ ስም ነበረው።

ሰዋስዉ ላይ ነው ጉዱ። «ዩስ» በጾታ ወንድም ሴትም አይደለም፣ ግዑዝ ነው። ስለዚህ ባለቤት ሲሆንም ተሳቢ ሲሆንም መልኩ አንድ ነው፤ እንደኛ «ን» የለውም። አገናዛቢው «ዩሪስ»፣ ብዙው «ዩራ» ይሆናል። «ስ» ወዴት ገባች? በሁለት አናባቢዎች መካከል የዋለች «ስ» በጥንታዊው ላቲን ወደ «ር» ተለውጣለች። ፓፒሪየስ የተባሉት የሮም ቤተሰቦች ቀድሞ ፓፒሲየስ ይባሉ እንደነበር የሮማው የንግግር ሊቅ ሲሴሮ ጽፏል። እንግሊዝኛው «ጀስቲስ» በ«ስ»፣ «ጁሪ» በ«ር» የሚነገረውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ስለ ቃሉ ምንጭ ሊቃውንቱም ተሳስተዋል። በ533 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በንጉሠ ነገሥት ጁስቲኒያን ትእዛዝ የወጣው «ዲጀስታ» የተባለ የሕግ መድበል መግቢያው ላይ የሮማዊውን የሕግ ሊቅ የኡልፒያንን ቃል ይዟል፤ እሱም «ዩስ» የተገኘው «ዩስቲቲያ» ከሚለው፣ ፍትሕ ማለት ከሆነው ቃል ነው ይላል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ «ዩስቲቲያ» የ«ዩስ» ልጅ ናት። ታላቅ የሕግ ሰው መሆን የሰዋስው ሊቅ አያደርግም።

«ዩስ» ሞክሼም አለው፤ መረቅ ማለት ነው። ቬሬስ የተባለ ጉቦኛ ሹም በሮም ዳኛ ሆኖ ሲፈርድ ሕዝቡ በዚህ ተሣለቀበት። «ቬሬስ» ወንድ አሳማ ማለት ስለሆነ፣ «የቬሬስ ፍርድ» ሲባል «የአሳማ መረቅ» ተብሎም ይሰማል። ከሳሹ ሲሴሮ ቀልዱን የጠቀሰው ብዙም አያስቅም እያለ ነው፤ እኔ ግን ከሲሴሮ ጋር አልስማማም። ቬሬስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ተከሶ፣ ክርክሩ ሳያልቅ ወደ ዛሬዋ ማርሴይ ተሰደደ።