«ሙቀቱን ይቀንሱ»፦ ስለ ጋዝ ቦይለር ቁጥጥር ሙያዊ ቃላት

የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ክረምት፣ የዝናቡን ሳይሆን የበረዶውን ማለታችን ነው፣ ረጅም በመሆኑ በዚያ ብዙ መኖሪያ ቤቶች ከአንድ ማዕከል ይሞቃሉ። ጋዝ የሚያነድ ቦይለር ውሃ ያሞቃል፤ ፓምፕ ውሃውን በቧንቧ ይገፋዋል፤ ውሃውም ሙቀቱን በየክፍሉ አድርሶ እንደገና ለመሞቅ ይመለሳል። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችም በመሣሪያው ስለሚገለገሉ፣ የአጠቃቀም መመሪያውን ወደ አማርኛ መመለስ አንድን ተርጓሚ ሊገጥመው የሚችል ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በእንዲህ ያለው መመሪያ ውስጥ ቀላል የሚመስለው «ሙቀቱን ይቀንሱ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ለምን አሻሚ እንደሚሆንና አሻሚነቱ በምን ቃላት ሊወገድ እንደሚችል ነው።

አንድ ቦይለር ሦስት ተግባር አለው እንበል። ከወለል በታች በተዘረጋ ቧንቧ ሳሎኑን፣ በራዲያተሮች መኝታ ክፍሎቹን ያሞቃል፤ የመታጠቢያውንም ውሃ በበርሜል ያዘጋጃል። ለወለሉ 35 ወይም 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ ይበቃዋል፤ ራዲያተሮቹ እስከ 60 ወይም 70 ሊፈልጉ ይችላሉ። የበርሜሉ ውሃ ግን 60 ገደማ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የተባለው፣ የሳንባ ምች የሚያስከትል ባክቴሪያ ይራባልና። እንግዲህ ነዳጅ ለመቆጠብ «ሙቀቱን ይቀንሱ» የሚል ምክር ያነበበ ሰው የቱን ይቀንስ? ወደ ራዲያተሮቹ የሚሄደውን ውሃ ዝቅ ቢያደርግ ይጠቀማል። የበርሜሉን ዝቅ ቢያደርግ ቤተሰቡን ለበሽታ ያጋልጣል።

ችግሩ የሚመነጨው «ሙቀት» በአማርኛ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ስለሚሸከም ነው። አንደኛ፣ በቴርሞሜትር የሚለካውን የሞቃትነት ደረጃ ያመለክታል፤ ሁለተኛ፣ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው የሚተላለፈውን ጉልበት፤ ሦስተኛ፣ ይህ ጉልበት የሚሰጥበትን ፍጥነት፣ ማለትም በኪሎዋት የሚለካውን። የአንድ ሲኒ ትኩስ ቡና የሞቃትነት ደረጃ ከአንድ ጋን ለብ ያለ ውሃ ይበልጣል፤ ቤት ለማሞቅ የሚጠቅመው ግን ጋኑ ነው። ለመጀመሪያው ፍቺ በሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት የተለመደው «መጠነ ሙቀት» ጥሩ ቃል ነው፤ «ሙቀት» የሚለውን ለሁለተኛው ብቻ ብናስቀረው፣ ለሦስተኛው ደግሞ «የነበልባል ኃይል» ብንል ቁጥጥሩን ማስረዳት ይቻላል። አለዚያ አይቻልም፤ የቁጥጥሩ ምስጢር የነበልባሉን ኃይል በመለወጥ የውሃውን መጠነ ሙቀት በተፈለገበት ማቆየት ነውና።

ነበልባሉን ከማንደድና ከማጥፋት አልፎ ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚችለው ቦይለር «ተለዋዋጭ ቦይለር» ሊባል እንደሚችል እንገምታለን። እኛ አንደግፈውም። «ተለዋዋጭ» የማይታመንን፣ የማይረጋውን ያስታውሳል፤ ነበልባሉ ዝቅ ማለቱን ያየ ተጠቃሚም መሣሪያው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። የተሻለው «መጣኝ» ነው። «መጠነ» የሚለው ግስ በወጥ ቤትም በሊቃውንትም ዘንድ የሚሠራበት ነው፤ ምጥን ሽሮ፣ መጠነኛ እሳት፣ ምጣኔ ሀብት እንላለን። በሁሉም ውስጥ ያለው ሐሳብ አንዱን ከሌላው ልክ ማድረስ ነው፤ ቦይለሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ልክ የሚደረገው ከምን ጋር ነው? እንግሊዝኛው ሁለት ነገሮችን በአንድ ቃል ስለሚጠራ በቀጥታ «ጭነት» ብሎ መመለስ ያጓጓል። አማርኛ አንባቢ ግን ጭነት ሲባል አህያና የጭነት መኪና ይታዩታል። ሙቀቱ የሚደርስበትን ክፍል ወይም በርሜል «ሙቀት ተቀባይ»፣ የሚያስፈልገውን ኪሎዋት ደግሞ «የሙቀት ፍላጎት» ብሎ መለየት ይሻላል። ልዩነቱ የሚጎላው ተቀባዩ አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ከፍተኛ ኃይሉ 24 ኪሎዋት፣ የምጣኔው ወሰን 5 ለ 1 የሆነ ቦይለር ከ4.8 ኪሎዋት በታች ሊወርድ አይችልም። ለዘብ ባለ ቀን አንዲት ክፍል ብቻ 1 ኪሎዋት ብትፈልግ 3.8 ኪሎዋት ትርፍ ይሆናል፤ በመስመሩ ያለው ውሃ 10 ሊትር ከሆነ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በ10 ዲግሪ ይሞቅና ቦይለሩ ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይነዳል። ይህን «አጭር ዑደት» ከማለት «ቶሎ ቶሎ መንደድና መጥፋት» ማለት ይበጃል፤ ረዘም ቢልም አንባቢው ጉዳቱን ከስሙ ይረዳዋል። በመስመሩ ላይ 100 ሊትር የሚይዝ ማከማቻ ቢጨመር ያው 10 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

«ቦይለር» የሚለውን ውሰት እንዳለ መተው ይገባል። መካኒኮቻችን ካንዴላና ፍሪሲዮን ከጣሊያንኛ ተውሰው አልተቸገሩም። «ማፍያ» ብንለው ደግሞ እናሳስታለን፤ በዚህ ቦይለር ውስጥ ውሃው አይፈላምና። እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በእንግሊዝና በዌልስ ለአብዛኛው አዲስ ተከላ ግዴታ የሆነው ዓይነት ከጭሱ እንፋሎት ሙቀት መልሶ የሚወስደው፣ ተመላሹ ውሃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ነው።

«ቁጥጥር» የሚለው ቃል ራሱ ግን ገና ያከራክራል። ጀርመንኛ ሽቶየሩንግና ሬገሉንግ ብሎ ይለያል። የመጀመሪያው ውጤቱን ሳያይ ማዘዝ ነው፤ ለምሳሌ ቦይለሩን ዘወትር በ12 ሰዓት ጠዋት የሚያስነሳ ሰዓት። ሁለተኛው ውጤቱን እየለኩ ማረም ነው፤ መጣኙ ቦይለር የሚሄደውን ውሃ መጠነ ሙቀት እየለካ ነበልባሉን እንደሚያርመው። ለፊተኛው «ትእዛዝ»፣ ለኋለኛው «እርማት» ብንል ደስ ባለን፤ ነገር ግን «እርማት» በፈተና ወረቀት ተይዟል። ለጊዜው «ለክቶ ማረም» የሚለውን ሐረግ እናቀርባለን።

በዚህ መሠረት መቆጣጠሪያው በርሜሉ ሲቀዘቅዝ ለርሱ ቅድሚያ ሰጥቶ የሚሄደውን ውሃ ከፍ የሚያደርግ፣ በሌላው ጊዜ ግን በውጭው አየር ልክ ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ፣ የመመሪያው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ሊመለስ ይችላል፦ «ወደ ራዲያተሮቹ የሚሄደውን ውሃ መጠነ ሙቀት ወደ 55 ዲግሪ ዝቅ ያድርጉ፤ የበርሜሉን 60 ዲግሪ አይንኩ።»