ስንዴው ሲመዘን ሰውም ይታሰብ

በሮቤና በጎባ ዙሪያ፣ በሲናናና በአጋርፋ ሜዳዎች የሚኖረው ገበሬ ዋና ሀብቱ ስንዴ መሆኑ የታወቀ ነው። አካባቢው በኦሮምኛ «ገና» እና «ቦና» በሚባሉ ሁለት የምርት ወቅቶች በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። ምርት በተሰበሰበ ቁጥር የማኅበር መሪዎች የሚጠየቁት ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ «በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ያ ኩንታል እስኪገኝ ድረስ ማን ደከመ፣ ማን ታመመ፣ ማንስ ተጠቀመ የሚለው በመዝገብ አይሰፍርም።

ይህን የሚለካ ዘዴ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ምርት ከመነሻው እስከ ፍጻሜው በሰው ኑሮ ላይ የሚያደርሰው በጎና ክፉ ነገር እንዴት እንደሚመዘን ተገልጿል። የሚጠየቁትም ሠራተኛው፣ የአካባቢው ሕዝብ፣ በምርቱ ቅብብል ውስጥ ያሉ ነጋዴዎችና ድርጅቶች፣ ሸማቹ እና ጠቅላላው ኅብረተሰብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. መመሪያው ሲሻሻል ሕፃናት ስድስተኛ ሆነው ተጨምረዋል።

እንግዲህ አንድ ኩንታል ስንዴ ይዘን ጉዞውን እንከተል።

በመጀመሪያ ዘርና መድኃኒት ይመጣል። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን ዝርያዎች አጠቃ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ ክፉኛ ጎዳ። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ለአካባቢው የሚስማሙ ዝርያዎችን ቢያወጣም፣ የፀረ-ዋግና የፀረ-አረም ርጭት አልቀረም። ስለዚህ መርጫውን በጀርባው የሚያዝለው ማን ነው? የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና ጓንት አለውን? ባዶው ዕቃ ተቀብሮ ነው ወይስ ውሃ ይቀዳበታል?

ቀጥሎ አጨዳ ነው። ኮምባይነር አጭዶና ወቅቶ በአንድ ጊዜ ስለሚጨርስ፣ ምርቱ ዝናብ ሳይመታው ይገባል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል በማጭድ የቀን ሥራ ይተዳደር የነበረው መሬት የለሽ ወጣት ሥራውን ያጣል። ገለባውም በማሳ ላይ ስለሚበተን፣ በአውድማ ይከመር የነበረው የከብት መኖ ይቀንሳል። ትርፉና ጉዳቱ ጎን ለጎን መጻፍ ይገባዋል።

በመጨረሻም ገበያና ዳቦ ቤት አሉ። ሚዛኑ ትክክል ነውን? ከብቱን ሲጠብቅ ወይም ከረጢት ሲሸከም ከትምህርት የቀረ ልጅ አለን? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። በቤተሰብ ማሳ የሚሠራ ልጅ ተቀጣሪ ባይሆንም፣ ይህ ዕድሜ ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል። መለካት ማለት የታየውን ከአንድ የታወቀ ደንብ ጋር ማስተያየት ነውና።

ለዚህ ሥራ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ደብተር ተከፍቶ በግራ በኩል ዘር፣ ርጭት፣ አጨዳ፣ ማጓጓዝ፣ ገበያ ይጻፉ። በላይ በኩል ደግሞ ስድስቱ ወገኖች ይሰለፉ። በየሣጥኑ ውስጥ የሚቆጠር ነገር ይግባ። ለምሳሌ ከ10 ረጪዎች መሸፈኛ ያላቸው 3 ብቻ ከሆኑ «3 ከ10» ተብሎ ይመዘገባል። በሚቀጥለው ወቅት ቁጥሩ ከፍ ካለ ማኅበሩ ተሻሽሏል፤ ባለበት ከቆመ ግን ኩንታሉ ቢበዛም ሥራው ገና ነው።

ሴቶችና የቀን ሠራተኞች ሳይጠየቁ የተሞላ ደብተር ግን ጎደሎ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ርጭቱን የሚያዝዘውና መርጫውን የሚያዝለው አንድ ሰው አይደሉምና።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ የኩንታሉን ቁጥር ሲያሰሙ፣ ከጎኑ ይህን ሁለተኛ ደብተር ቢያነቡ መልካም ነው። የባሌ ስንዴ ለብዙዎች ዳቦ ሆኗል። ያመረቱትንም በጤና እንዲያኖር ማድረግ የሁላችንም ተግባር ነው።