የአገር ቤቱ ካሜራ መቅጃ በማን እጅ ነው?

ዛሬ የፖለቲካውን ወሬ ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገውና የብዙዎቻችንን ኪስም እንቅልፍም ስለሚነካ አንድ የቤት ጉዳይ እንነጋገር።

ውጭ ያለ ሰው ስንት ዓመት ለፍቶ አገር ቤት ቤት ይሠራል። ያልሠራው ደግሞ እናትና አባቱ ብቻቸውን የሚኖሩበት ቤት አለው። ሌብነቱ ሲወራ «በቃ ካሜራ እናስገጥም» ይባላል። ገንዘብ ይላካል፣ የሚገጥም ልጅ ይመጣል፣ ግድግዳው ይበሳል፣ በማግስቱ ግቢያችንን ስልካችን ላይ እናያለን። ደስ ይላል፤ ሥራ ላይ ሆኖ የእናትን ደጅ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ የሚወጣው አንድ ነገር የደረሰ ዕለት ነው። ዕቃ ጠፋ ይባልና የባለፈው ሳምንት ይከፈት ሲባል የለም። ወይ ዲስኩ ሞልቶ በላዩ ላይ ሌላ ተቀድቶበታል፣ ወይ መብራት የጠፋ ቀን በዚያው ቀርቷል፣ ወይ ደግሞ ሌባው ቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠውን መቅጃ ራሱን ተሸክሞት ሄዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሁሉም ነገር በትክክል እየሠራ፣ ነገር ግን ቤታችንን ከእኛ ሌላ የማናውቀው ሰውም እያየው ሲሆን ነው።

ስለዚህ ዋናውን ነገር ከመነሻው እንበለው። ገበያ ላይ ሰው የሚከራከረው ስለ ካሜራው ነው፤ ስንት ሜጋፒክስል ነው፣ ማታ በቀለም ያሳያል ወይ ይባላል። ቤቱን የሚጠብቀው ግን መቅጃው፣ ማለትም ሪከርደሩ ነው። ማስረጃው የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ የሁሉም ካሜራ ቁልፍ ያለውም እዚያ ነው። መቅጃውን በደንብ መርጦ በራሱ እጅ ያስገባ ሰው ካሜራው መካከለኛም ቢሆን ይጠቀማል።

ዲቪአር ወይስ ኤንቪአር?

ሁለት ዓይነት መቅጃ አለ። ዲቪአር የሚባለው የዲሽ ገመድ በሚመስል ወፍራም ገመድ ከካሜራው ጋር ይገናኛል፤ ለካሜራው ደግሞ ለብቻው 12 ቮልት መብራት መሄድ አለበት። ኤንቪአር የሚባለው በኔትወርክ ገመድ ይሠራል፤ ፒኦኢ ያለው ከሆነ መብራቱም ምስሉም በአንድ ገመድ ይሄዳል፤ ገመዱ እስከ 100 ሜትር ድረስ መሄድ ይችላል።

ቤቱ ውስጥ ድሮ የተዘረጋ የካሜራ ገመድ ካለ ግድግዳ አታስበሱ፤ ዲቪአሩ ይበቃችኋል። ቤቱ ገና እየተሠራ ከሆነ ግን ልስን ሳይመታ የኔትወርክ ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ አዘርጉና ኤንቪአር ግዙ። ገመዱ ላይ አትቆጥቡ። ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ርካሽ ገመድ አለ፤ ሩቅ ሲሄድ መብራቱን ያደክምና ካሜራው ማታ ማታ ይጠፋል። «ሙሉ መዳብ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በዋይፋይ ብቻ የሚሠራና ሚሞሪ ካርዱ እዚያው ካሜራው ውስጥ ያለ አነስተኛ ካሜራም አለ። ለአፓርታማ በር መጥፎ አይደለም። ለግቢ ግን ካሜራውን የነቀለ ሌባ ማስረጃውንም ይዞ ይሄዳል።

አራት ካሜራ የምታስቡ ከሆነ ባለ 8 ቻናል መቅጃ ግዙ። ነገ ጓሮው ይረሳል፣ ጋራዡ ይጨመራል፤ ያኔ ሌላ መቅጃ ከመግዛት ትድናላችሁ።

ስንት ቀን ይይዛል?

ይኼን ጥያቄ ሻጩ በግምት እንዲመልስላችሁ አትፍቀዱ፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። ካሜራው በሰከንድ የሚልከውን ሜጋቢት በ10.8 አባዙት፤ በቀን የሚወስደው ጊጋባይት ይወጣል። አንድ ካሜራ በ4 ሜጋቢት ቢቀዳ በቀን 43 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል። አራት ካሜራ 173 ጊጋባይት ነው። ታዲያ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ስድስት ቀን እንኳ አይሞላም፤ ባለ 2 ቴራባይት 11 ቀን፣ ባለ 4 ቴራባይት 23 ቀን ያህል ይይዛል።

እኛ ታክሲ ላይ የምንሠራ ሰዎች ይኼን ከመኪና ካሜራችን እናውቀዋለን፤ ቦታው ሲሞላ አዲሱ አሮጌውን እየደመሰሰ ይቀጥላል። የቤቱም እንደዚያው ነው። አገር ቤት ያሉ ሽማግሌዎች ደግሞ እኛን ላለማስጨነቅ አንድ ነገር ሲጠፋ ወዲያው አይነግሩንም፤ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት አሳልፈው ነው የሚያነሱት። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በታች የሚይዝ ዲስክ አይጠቅመንም። መቅጃው ኤች 265 በሚባለው አሠራር መቅዳት ከቻለ እዚያው ዲስክ ላይ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ቀን ይገኛል።

ዲስኩም ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ይሁን። የኮምፒውተር ዲስክ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ እንዲጻፍበት አልተሠራም። መቅጃው እስከ ስንት ቴራባይት እንደሚቀበልም ከመግዛታችሁ በፊት እዩ።

መብራትና ኢንተርኔት

ከአሜሪካ ገዝታችሁ የምትልኩ ከሆነ አስማሚው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። እዚህ 120 ቮልት ነው፤ አገር ቤት 220። «100-240» ካለ ችግር የለም፤ 120 ብቻ ካለ የሰካችሁት ቀን ይቃጠላል። ካሜራው ውስጥ ያለውን የ60 ኸርዝ ምርጫም ወደ 50 ኸርዝ ቀይሩት፤ አለበለዚያ በአምፖል ብርሃን ምስሉ ይርገበገባል። የዋጋውን ልዩነት ስታሰሉ ቀረጡን አስቡ፤ ዕቃው ቢበላሽ ዋስትናው እዚህ፣ መቅጃው እዚያ መሆኑንም አትርሱ። ብዙ ጊዜ መቅጃውን እዚያው መርካቶ ደረሰኝ ካለው ሱቅ መግዛት ይሻላል።

መብራት ይጠፋል፤ ሌባም ጨለማን ይጠብቃል። መቅጃና አራት ካሜራ አንድ ላይ 45 ዋት ገደማ ይወስዳሉ እንበል። ትንሹ ዩፒኤስ፣ ውስጡ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-አወር ባትሪ ያለው፣ ይኼን የሚሸከመው ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። ሰፈሩ ረጅም ሰዓት መብራት የሚጠፋበት ከሆነ ባለ 100 አምፒር-አወር ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር ይሻላል፤ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳ ከ10 ሰዓት በላይ ያደርሳል። ራውተሩንም እዚያው ላይ ሰኩት። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ ከፍ ብሎ ሊመጣ ስለሚችል ስታብላይዘር አይጥፋ።

አንድ በጣም የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ በገመድ የተገናኘ መቅጃ ለመቅዳት ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው እኛ ከዚህ ሆነን ለማየት ነው። ስለዚህ ስልካችን ላይ ምስል ጠፋ ማለት መቅዳቱ ቆመ ማለት አይደለም። ስታዩም በትንሹ ጥራት፣ ሰብ ስትሪም በሚባለው እዩ። አራቱንም ካሜራ በሙሉ ጥራት መክፈት 16 ሜጋቢት ከዚያ ቤት እንዲወጣ መጠየቅ ነው፤ በትንሹ ግን 2 ሜጋቢት ሊበቃ ይችላል።

አካውንቱን ማን ከፈተው?

እንግዲህ ወደ ዋናው ደረስን። የሚገጥመው ልጅ ሥራውን ሲጨርስ ፈጥኖ ለማስረከብ ሲል በራሱ ስልክ፣ በራሱ ኢሜይል አካውንት ይከፍትና ከዚያ ለእኛ «ሼር» ያደርግልናል። እኛም ምስሉ ስለመጣ እናመሰግነዋለን። በብዙዎቹ መቅጃዎች ግን የመጀመሪያው አካውንት ባለቤት ነው፤ እኛ እንግዳ ነን። ልጁ ቅን ሊሆን ይችላል። ነገ ግን ስልኩ ይሸጣል፣ ይሰረቃል፣ ከአሠሪው ጋር ይጣላል። ማን ቤት እንዳለ፣ ማን መቼ እንደሚወጣ የሚያሳይ መስኮት በሰው እጅ ቀረ ማለት ነው።

የሚገጠም ዕለት በቪዲዮ ጥሪ ግቡና እነዚህን አስደርጉ፦

አንደኛ፣ መተግበሪያውን እናንተ በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ፤ መቅጃው ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ልጁ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፣ መጀመሪያ የምታስገቡት እናንተ ሁኑ።

ሁለተኛ፣ የዋናውን ተጠቃሚ፣ «አድሚን» የሚባለውን የይለፍ ቃል እዚያ ያለ የምታምኑት ዘመድ ራሱ በመቅጃው ላይ ይቀይረው። ረጅም ይሁን፤ የልደት ቀንና ስልክ ቁጥር አይሁን።

ሦስተኛ፣ ለቤተሰብ ማየት ብቻ የሚችል፣ መሰረዝ የማይችል ሌላ ተጠቃሚ ይከፈት።

አራተኛ፣ ራውተሩ ላይ ለመቅጃው «ፖርት» እንዲከፈት አትፍቀዱ፤ ዩፒኤንፒ የሚባለውም ይዘጋ።

አምስተኛ፣ የመቅጃውን ሶፍትዌር አሳድሱ።

ይኼ ተራ ፍርሃት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2016 ትዊተርና ኔትፍሊክስን ጨምሮ ትልልቅ ድረ-ገጾች ለሰዓታት አልከፈት ብለው ነበር። ጥቃቱ የተፈጸመው ሚራይ በሚባል ቫይረስ ሲሆን ቫይረሱ የተጠቀመው በየሰው ቤት ያሉ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን ነው። የገባውም ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል በመሞከር ብቻ ነው። ምስሉን ኩባንያ ዘንድ ማስቀመጥም ብቻውን መፍትሔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ የሪንግ ኩባንያ ሠራተኞች የደንበኞችን የግል ቪዲዮ እንዲያዩ ተፈቅዶላቸው ነበር ብሎ ከሶ ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

«ሂክቪዥንና ዳሁዋ ታግደዋል ይባላል፣ እንግዛ ወይ?» ለሚለው፦ አሜሪካ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶቿ እንዳይገዟቸው አግዳለች፤ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2022 ጀምሮም አዳዲስ ምርቶቻቸው ፈቃድ እንዳያገኙ ተደርጓል። በግለሰብ ቤት መጠቀም ግን በዚህ አልተከለከለም። የማንም ስም ይኑረው፣ ከላይ ያሉትን አምስቱን ሳያደርጉ መግጠም ያው አደጋ ነው።

ሰዓቱን አስተካክሉ

መቅጃው የሰዓት ክልሉ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት የቀደመ፣ ማለትም +3 ይሁን። አገራችን በበጋና በክረምት ሰዓት ስለማትቀይር የ«ዴይላይት ሴቪንግ» ምርጫው ይጥፋ። ከዚያ እናትን «ስንት ሰዓት ላይ ነው ድምፅ የሰማሽው?» ስትሉ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ካለች መቅጃው ላይ የምትፈልጉት 03:00 ነው፤ ከ09:00 ላይ ፈልጎ «ምንም የለም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ከዋሽንግተን የምታዩ ደግሞ ልዩነቱ በበጋው 7፣ በክረምቱ 8 ሰዓት መሆኑን ያዙ።

የት ይሰቀል? ማን ይታይ?

መቅጃው ከሳሎን ይውጣ። ቁልፍ ያለው፣ አየር የሚገባው ቁምሳጥን ወይም ዕቃ ቤት ይሻላል። የግቢውን በር የሚያየው ካሜራ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን፤ ጣሪያ ጥግ ከተሰቀለ የሰው ኮፍያ እንጂ ፊት አያሳይም።

ሌላው የክብር ጉዳይ ነው። ካሜራ ሥር መኖር ምን እንደሆነ በአረብ ሀገር በሰው ቤት የሠሩ እህቶቻችን ያውቁታል። እኛም አገር ቤት ያለችውን ሠራተኛ፣ ኧረ እናታችንንም ጭምር፣ እንደዚያ ማድረግ የለብንም። በር፣ ግቢ፣ ጋራዥ ይበቃል። መኝታ ቤት፣ የሠራተኛዋ ክፍልና መታጠቢያ ቤት በፍጹም አይገባም። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ካሜራው የት እንዳለና ማን እንደሚያየው ይነገረው። እናት «ልጄ፣ ሳሎኑን ተወው» ካሉ ይተው።

እዚህ የምትኖሩበት ቤት ላይ የምትገጥሙም ሕጉን እዩ። አውሮፓ ውስጥ ካሜራችሁ የሕዝብ መንገድ ካየ «የግል ቤቴ ነው» ማለት እንደማያድን የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ወስኗል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እንደ ሜሪላንድ፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ባሉ ግዛቶች የግል ንግግርን ያለሁሉም ተናጋሪ ፈቃድ መቅዳት ወንጀል ሊሆን ስለሚችል ድምፁን ዝጉት።

ከመክፈላችሁ በፊት

የመጨረሻው ክፍያ ከመላኩ በፊት ሦስት ፈተና አድርጉ። መቅጃው ከሶኬት ይነቀልና ይመለስ፤ ማንም ሳይነካው መቅዳት መጀመር አለበት። የትናንት ማታ አምስት ደቂቃ ወደ ፍላሽ ተገልብጦ ይላክላችሁ፤ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄደው እሱ ነው። ልጁ ከግቢ ከወጣ በኋላ ደግሞ መተግበሪያው ውስጥ ማን ማን እንዳለ ዝርዝሩን ክፈቱና የማታውቁትን አውጡ። ከዚያ በየወሩ አንድ ቀን የዛሬ 20 ቀኑን ከፍታችሁ እዩ። ካለ፣ ቤቱ ተጠብቋል።

ይኼን ጽሑፍ ገንዘብ ልኮ ለማስገጠም ለሚያስብ ወዳጃችሁ አድርሱት። ልፋታችሁን ከሌባ፣ ቤተሰባችሁን ከክፉ ይጠብቅልን።