ከሳንባ የመጣ የቅልጥም እብጠት

ፈንገስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቋቁቻንና ጭርትን ነው፤ ቆዳ ላይ በቅሎ በቅባት የሚጠፋውን። ስለዚህ ሳንባውን ፈንገስ የያዘው ሰው ቅልጥሙ ላይ ሲነኩት የሚያም ጠጣር እብጠት ሲወጣበት ፈንገሱ ወደ ቆዳው የወረደ ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገር ግን ስህተት ነው። ሐኪሞች ኤሪቴማ ኖዶሰም በሚሉት በዚህ እብጠት ውስጥ ፈንገስ የለም። ሳንባ የገባውን ባዕድ የለየው የሰውነት መከላከያ ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ላይ የሚያስነሳው ብግነት ነው። መጻሕፍት ቀይ ነው ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ይላል፣ ከዓይን ይልቅ እጅ ያገኘዋል።

የዚህን ምልክት ዋጋ እንደ 1929ኙ (እ.ኤ.አ.) የካሊፎርኒያ ታሪክ የሚያሳይ የለም። በአሜሪካ ደረቅ አፈር ውስጥ የሚኖረው ኮክሲዲዮይድስ የተባለ ፈንገስ እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው በገዳይነቱ ብቻ ነበር። በስታንፎርድ፣ በኧርነስት ዲክሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው የሕክምና ተማሪ ሃሮልድ ቾፕ የፈንገሱን ዘር ሳያስበው ወደ ሳንባው ሳበው። የሳንባ ምች ያዘው፣ ቀጥሎ ይኸው እብጠት እግሩ ላይ ወጣበት፣ ይሞታል ሲባል ዳነ። በከርን አውራጃ ደግሞ ሐኪሟ ሚርኒ ጊፎርድ የአካባቢው ሰው የሸለቆ ትኩሳት የሚለውን፣ ሳልና የእግር እብጠት ያለበትን ሕመም ትከታተል ነበር። ገዳይ የተባለው በሽታና ብዙዎች ታመው የሚነሡበት ትኩሳት የአንድ ፈንገስ ሥራ መሆናቸው የታወቀው በዚህ እብጠት ፈለግ ነው። በኋላም እብጠቱ የወጣባቸው ሕሙማን ፈንገሱ ወደ ሌላ አካል የሚዛመትባቸው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን እንደሆነ ታየ። ፈንገሱ ራሱ ቆዳ ላይ ሲደርስ መልኩ ሌላ ነው፦ ኪንታሮት የመሰለ ወይም የቆሰለ፣ ብዙ ጊዜ ፊት ላይ የሚወጣ፣ በራሱ የማይጠፋ።

ይህ ፈንገስ በአገራችን አፈር የለም፣ ምን አገባን? የሚል ይኖራል። ከአሪዞና መጥቶ አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት ሰፈር ያረፈ እንግዳ ግን አለ፤ ሕመሙ አቧራው ከተሳበ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ስለሚጀምር ሰውየው እዚህ ሊታመም ይችላል። በጥቁር ሕዝቦች ላይ የመዛመት አደጋው ከፍ ያለ መሆኑም ጉዳዩን የእኛ ያደርገዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍምና አስታማሚ አይፍራ። በሌሊት ወፍና በአእዋፍ ኩስ የሚራባው ሂስቶፕላዝማ የተባለ ፈንገስም ያንኑ እብጠት ያስነሳል፤ የእሱ ዘመድ የጋሪ ፈረሶቻችንን ቆዳ የሚያቆስለው ነው። ከሁሉ በላይ ግን በእኛ አገር እንዲህ ያለ ቅልጥም ሲታይ ቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ቲቢ ነው። የጉሮሮ ሕመምና አንዳንድ መድኃኒቶችም ያመጡታል።

እብጠቱ በጥቂት ሳምንታት በራሱ ይጠፋል የሚለውም እውነት ነው፤ የሚጠፋው ግን ምልክቱ ነው። መንስኤው ሳይታወቅ ከፋርማሲ የስቴሮይድ ክኒን ገዝቶ መዋጥ ግን ቲቢውንም ፈንገሱንም የሚከላከለውን ኃይል ማዳከም ነው፤ ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ሊተዉት ይገባል። ቅልጥማችሁ ላይ እንዲህ ያለ እብጠት ካገኛችሁ ደረታችሁን ራጅ ተነሡ፣ የት አገር እንደቆያችሁም ሐኪሙ ባይጠይቅ እናንተ ንገሩት።