ለውሻ የተጣለው የበዓል ጉበት ተመልሶ በጉን ያገኛል

ቡሄ አልፎ ዘመን መለወጫ ሲቃረብ ደጁ ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። በግ ይገዛል፤ ቅርጫ የሚገባው ገንዘብ ያዋጣል፤ ጠላው ይጠነሰሳል፤ ቄጤማው ይቆረጣል። ዓመቱን ሙሉ ቤቱንና በረቱን ሲጠብቅ የከረመው ውሻ ግን በዝግጅቱ ውስጥ ቦታ የለውም። የሚታወሰው በጉ ታርዶ ሲበለት ነው። ያኔ ሳንባው፣ ራሱ ወይም ውኃ ቋጥሮ የተገኘው ጉበት ይወረወርለታል።

ይህ ለውሻው የተደረገ ቸርነት ይመስላል። ይሁን እንጂ በበዓል ሰሞን ከሚፈጸሙና ለአርቢው ኪሳራ ከሚያስከትሉ ስሕተቶች አንዱ ይኸው ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው በውሻው በኩል የተከፈተው ቀዳዳ በጉንም ላሟንም ልጁንም ለበሽታ ያጋልጣል።

ከጉበቱ ወደ ግጦሹ

በግ፣ ፍየል፣ ከብት ወይም ግመል ሲታረድ አንዳንድ ጊዜ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ነጣ ያለ፣ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። አራጁም ሆነ ሆድ ዕቃውን የምታጥበው እናት ሲያዩት «ይህስ ለሰው አይሆንም» ብለው ለውሻ ይጥሉታል። በቄራ ግን እንዲህ ያለው ጉበት በሥጋ ምርመራ ባለሙያ ተለይቶ ይወገዳል። ከረጢቱ ሃይዳቲድ የተባለው በሽታ ምልክት ነው። በውስጡ ያሉት እጮች በውሻ አንጀት ውስጥ አድገው ኢኪኖኮከስ የሚባል ትል ይሆናሉ። ትሉ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ነው፤ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። በአንድ ውሻ አንጀት ውስጥ ግን በሺዎች የሚቆጠር ሊኖር ይችላል። ውሻው አይከሳም፤ የታመመም አይመስልም።

ከአምስት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ጊዜ ትሉ ጎልምሶ እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር መውጣት ይጀምራል። መስከረም 1 ቀን የተጣለ ጉበት በጥቅምት ወር በግጦሹ፣ በጓሮው ጎመንና በምንጩ ዳር ይበተናል ማለት ነው። እንቁላሉ በዓይን አይታይም። ቀዝቃዛና እርጥብ በሆነ መሬት ላይ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። በጉ ከሳሩ ጋር ይውጠዋል፤ በጉበቱና በሳንባውም ሌላ ከረጢት ይቋጠራል።

ሰውም የሚያዘው በዚሁ መንገድ ነው። ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ የበላ ልጅ፣ በደንብ ያልታጠበ አትክልት፣ ውሻ የላሰው ዕቃ ሁሉ እንቁላሉን ወደ አፍ ያደርሳሉ። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ የሚፈጠረው ከረጢት ቀስ እያለ ለዓመታት ያድጋል፤ ሕክምናውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል።

እዚህ ላይ መታረም ያለበት አንድ ግንዛቤ አለ። ሰውን ለዚህ በሽታ የሚዳርገው ከረጢት ያለበትን ጉበት መብላቱ ሳይሆን በውሻው በኩል ያለፈው እንቁላል ነው። ስለዚህ ጉበቱን «ለሰው አይሆንም» ብሎ ለውሻ መስጠት ከአደጋው አያርቅም፤ እንዲያውም ለበሽታው መንገድ ይከፍትለታል።

የሚዞረው በግና ራሱ

በደጋው አካባቢ በግ አርቢዎች አዙሪት የሚሉት በሽታም ከውሻ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን የሚያመጣው ሌላ የውሻ ትል ነው። እንቁላሉን ከሳር ጋር የዋጠ በግ ከረጢቱ የሚያድገው በአንጎሉ ውስጥ ነው። በጉ ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ይዞራል፣ ከመንጋው ይነጠላል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ በመጨረሻም መቆም ያቅተዋል። በብዛት የሚጠቁት ገና ለገበያ የሚደርሱት ወጣት በጎች ናቸው።

አርቢው በጉ ከመሞቱ በፊት ብሎ ያርደዋል፤ በዓል ከተቃረበም ለበዓሉ ያደርገዋል። ራሱ ተፈልጦ ለውሻው ይሰጣል። ያንን አንጎል የበላ ውሻ በመጪዎቹ ወራት የሚዞሩ ሌሎች በጎችን ያፈራል። አዙሪት የያዘውን በግ ራስ ማቃጠል ወይም በጥልቀት መቅበር የቀሪውን መንጋ ዕድሜ ማትረፍ ነው።

ይህን ሰንሰለት መበጠስ እንደሚቻል የአይስላንድ በግ አርቢዎች ታሪክ ያሳያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሃይዳቲድ በዚያች አገር ብዙ ሰው ይጎዳ ነበር። የበሽታውን መንገድ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ለገበሬዎች ተሠራጨ፤ ጥሬ ሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠት እየቀረ ሄደ፤ ለውሾችም የትል መድኃኒት ይሰጥ ጀመር። ከጊዜ በኋላ በሽታው ከአገሪቱ ጠፋ።

ጉድጓዱ ከቢላው ይቅደም

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጉድጓዱ በበዓሉ ዋዜማ ይቆፈር። ቢያንስ አንድ ሜትር የጠለቀ፣ ከምንጭና ከወንዝ የራቀ ይሁን። ከረጢት የታየበት ጉበትና ሳንባ፣ የማይበላው ሆድ ዕቃ ሁሉ እዚያ ገብቶ አፈር ይመለስበት፤ ጅብና ውሻ ቆፍረው እንዳያወጡትም ድንጋይና እሾህ ይጫንበት። ቅርጫ ለገቡ ሰዎች አንድ ጉድጓድ ለሁሉም ይበቃል። መደቡ ከመከፋፈሉ በፊት ግን ጉድጓዱን የሚቆፍረውና የሚቀብረው ሰው ተለይቶ ይታወቅ።

በእርዱ ሰዓት ውሻው ከቦታው ርቆ ይታሰር። የእሱም ድርሻ አይቀርበትም። ከረጢት የሌለበትን ሳንባ ወይም ትርፍራፊ ሥጋ ቆራርጦ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሚፈላ ውኃ መቀቀል፣ ከዚያም አቀዝቅዞ መስጠት ይቻላል። ከረጢት በዓይን ሳይታይ ሊያልፍ ስለሚችል መቀቀሉ በማንኛውም ጊዜ አይቅር።

ከማዕድ የማይሰጠው

የበዓል ማዕድ ለውሻ የማይስማማ ነገር ይበዛበታል። የዶሮ ወጥ አጥንት አንዱ ነው። የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ሲሰበር እንደ ስንጥር ሹል ስለሚሆን ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ፤ ስለዚህ የወጥ መረቅ የነካው ፍትፍት ለውሻ አይሆንም። አተላም አልኮል ስላለበት እንዲሁ መከልከል አለበት።

ዓመቱን ሙሉ እንጀራና ፍርፋሪ የለመደ ውሻ በአንድ ቀን ስብና ጮማ ሲወረወርለት ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። የለመደውን ምግብ በለመደው ሰዓት ማግኘት፣ ከሥጋው ጥቂት መጨመር ይበቃዋል። ልጆችም ሆኑ እንግዶች ከማዕድ ላይ እንዳይወረውሩለት ይነገራቸው። ከገበታ የተጣለለት ውሻ ገበታ መዝለል ይለምዳል፤ ከልጅ እጅ መንጠቅም ይከተላል።

«ውሻ ያዙልን!»

እንግዳ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ውሻ ያዙልን!» ማለቱ የቆየ ልማድ ነው። በበዓል ቀን ግን በሩ ተከፍቶ ይውላል። አበባየሆሽ የሚጨፍሩ ልጃገረዶች በቡድን ይመጣሉ፤ የሩቅ ዘመድ ሳይጣራ ይገባል። ጠባቂ ውሻ ዘመድና ሌባ የሚለየው በልምድ ነው፤ የማያውቀው ሰው ሲበዛበት ይደነግጣል፣ ይናከሳል።

ስለዚህ ከመግቢያው ራቅ ባለ፣ ጥላና መጠለያ ባለው ቦታ ማሰር ይገባል። ገመዱ ሽቦ ሳይሆን ለስላሳ ይሁን፤ ተኝቶ ለመዞር የሚያስችል ርዝመትም ይኑረው። ንጹሕ ውኃ አጠገቡ ይቀመጥለት። በአጭር ገመድ ታስሮ የዋለና የተጠማ ውሻ ይበልጥ ይቆጣልና እንግዳ ከመምጣቱ በፊት በማለዳ ፈትቶ ማንሸራሸር ይጠቅማል። በከተማ ርችት ሲተኮስ ደንግጦ ገመድ በጥሶ የሚጠፋ ውሻ ስላለ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ማስገባቱ ይመረጣል።

ልጆች ሲበላ፣ ሲተኛ ወይም ቡችላ ስታጠባ ወደ ውሻ እንዳይጠጉ፣ ሲያባርራቸውም ከመሮጥ ይልቅ ቆም እንዲሉ መማር አለባቸው። ውሻውም ቢሆን ጠባይ የሚማረው በዱላ አይደለም። ከቡችላነቱ ጀምሮ ሰው የለመደ፣ ዝም ሲል የሚመሰገንና የሚጎረስ ውሻ እየተደበደበ ካደገው ይልቅ ይታዘዛል።

ነገሩ የሕግ ኃላፊነትም አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ባለቤቱ ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል።

ንክሻ ከደረሰ

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያተርፍ ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል። ከንክሻው በኋላ ወዲያውኑ ከታከሙት ግን መከላከል ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው መነሻው ውሻ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በቁስሉ ላይ ቅጠል ወይም በርበሬ መነስነስ ይጎዳል። ጠበል የሚጠመቅም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክትባቱን ማስቀረት የለበትም። «በዓሉ ይለፍና» ብሎ መቆየት ሕይወት ያስከፍላል።

ጭምቱ ውሻ በድንገት ከተቆጣ፣ ቁጡው ከፈዘዘ፣ ለሀጩ ከተዝረከረከ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ እንጨትና ድንጋይ ከነከሰ መጠርጠር ተገቢ ነው። የተነከሰ ከብትም ለሀጩን ሲያዝረበርብና መዋጥ ሲያቅተው አጥንት ወይም ድንች የተሰነቀረበት ይመስላል። በዚህ ጊዜ እጅን ወደ አፉ መክተት አደገኛ ነውና ባለሙያ ይጠራ። የዚህ ዓይነት ከብት ሥጋም ሆነ ወተት አይበላም፤ ለበዓል ተብሎም አይታረድ።

የወረዳውና የቀበሌው ድርሻ

ቡችላ በሦስት ወሩ ይከተባል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ሊበጠስ ይችላል። ክትባቱ ሰውነትን እስኪያዘጋጅ ሳምንታት ስለሚወስድ ከበዓል አስቀድሞ መሰጠት ይኖርበታል። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ ማለትም በመስቀል ማግስት ይውላል። ወረዳዎች ይህን ቀን ለውሻ ምዝገባና ክትባት ቢጠቀሙበት የተከተበው ውሻ ለገናና ለጥምቀት በሚገባ ተዘጋጅቶ ይደርሳል።

ቀበሌዎችም የጋራ ጉድጓድ ቦታ መለየት፣ የከተማ አስተዳደሮች ቄራቸው ባለቤት የሌለው ውሻ እንዳይገባበት ማጠር ይችላሉ። መልእክቱ በእድር፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቢነገር ከስብሰባ ይልቅ ብዙ ሰው ይደርሳል። ለዘመን መለወጫ የተጀመረው ለአረፋም ለፋሲካም ያገለግላል።

ጥሬ ሆድ ዕቃ አምልጦት የበላ ውሻ ካለ ደግሞ ጊዜ አለ። ትሉ እንቁላል መጣል ከመጀመሩ በፊት፣ ማለትም ከበዓሉ በኋላ በአራት ሳምንት ውስጥ፣ በአቅራቢያ ባለ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ፕራዚኳንቴል የተባለው የትል መድኃኒት በክብደቱ ተመጥኖ ይሰጠው። ለበግና ለከብት የተገዛ መድኃኒት በግምት አይሰጥ፤ ይህን ትል ላያጠፋ፣ ውሻውንም ሊጎዳ ይችላልና። መስከረም 1 ቀን ለሚታረድ በግ ሆድ ዕቃው አምልጦ ከተበላ የመጨረሻው ቀን መስከረም 29 ነው።