አጫጭር ታዳጊ ጂምናስቲከኞችና የግዴታው የዘንግ ትርዒት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 1976 በሞንትሪያል ኦሎምፒክ የ14 ዓመቷ ሩማንያዊት ናድያ ኮማነቺ ከፍና ዝቅ ብለው በተተከሉት ሁለት ዘንጎች ላይ ላሳየችው ትርዒት 10 ነጥብ ተሰጣት። የውጤት ሰሌዳው 10 የሚለውን ቁጥር እንዲያሳይ ተደርጎ ስላልተሠራ 1.00 ብሎ ጻፈ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የተነገረ ቢሆንም ያ ትርዒት የግዴታ ትርዒት እንደነበር የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። የግዴታ ትርዒት ማለት እያንዳንዷ ተወዳዳሪ፣ ረጅም ትሁን አጭር፣ አስቀድሞ የተደነገጉትን እንቅስቃሴዎች በተደነገገው ቅደም ተከተል የምትፈጽምበት ውድድር ነው። በኦሎምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ይህ የውድድር ዓይነት ከ1996 በኋላ ቀርቷል።

በዩናይትድ ስቴትስ የታዳጊ ሴቶች ጂምናስቲክ ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ቀድሞ የጁኒየር ኦሎምፒክ ፕሮግራም ይባል በነበረውና አሁን የዴቨሎፕመንት ፕሮግራም በሚባለው ሥርዓት ከደረጃ 1 እስከ 5 ያሉት ልጆች የሚወዳደሩት በግዴታ ትርዒት ነው። አንዲት ልጅ 7 ዓመት ሲሞላት በደረጃ 4 መወዳደር ትችላለች። በዚያ አገር የሚሠራ የሕፃናት ሐኪም፣ ነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከእነዚህ ልጆች አንዷን ማግኘቱ አይቀርም፤ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ሴት ልጆቻቸውን ወደ ጂምናስቲክ ትምህርት ቤት ሲልኩ ምክር የሚጠይቁት የጤና ባለሙያውን ነው። ምክሩ የተስተካከለ እንዲሆን መሣሪያውንና ደንቡን በመጠኑ ማወቅ ይገባል።

በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን መለኪያ መሠረት የላይኛው ዘንግ ከወለሉ 250 ሳ.ሜ.፣ የታችኛው 170 ሳ.ሜ. ከፍታ አላቸው። ከአንዱ ዘንግ እስከ ሌላው በሰያፍ ሲለካ ያለው ርቀት ቢበዛ 180 ሳ.ሜ. ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መለኪያ የ7 ዓመት ሴት ልጅ አማካይ ቁመት ወደ 121 ሳ.ሜ. ሲሆን፣ በጤናማው ወሰን ውስጥ ሆና 110 ሳ.ሜ. ብቻ የምትሆን ልጅም አለች። እንግዲህ ለአዋቂ ሴት የተሰናዳው መሣሪያ ከዚህች ልጅ ጋር የሚገናኘው እንዴት ነው?

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በደረጃ 4 እና 5 ልጅቱ በታችኛው ዘንግ ላይ በእግሯ ወጥታ ወደ ላይኛው ዘንግ ዘልላ በምትይዝበት ቅጽበት ነው። ቁመቷ 120 ሳ.ሜ. የሆነ ልጅ እጆቿን ወደ ላይ ስትዘረጋ ከእግሯ እስከ መዳፏ ያለው ርዝመት በግምት 150 ሳ.ሜ. ይሆናል። ዘንጎቹ በ180 ሳ.ሜ. ከተለያዩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግታ እንኳ 30 ሳ.ሜ. ያህል ይጎድላታል፤ ይህን በአየር ላይ መሙላት አለባት። ቁመቷ 150 ሳ.ሜ. የሆነች ጓደኛዋ ግን ወደፊት በማዘንበል ብቻ ልትደርስበት ትችላለች። ደንቡ ለሁለቱም አንድ ነው። ከዘንግ መውደቅ 0.50 ነጥብ ያስቀንሳል፤ አሠልጣኙ ልጅቱን ቢነካትም እንዲሁ ነጥብ ይቀነስባታል፤ ዋና እንቅስቃሴን ጨርሶ መዝለል ደግሞ የእንቅስቃሴውን ዋጋ እጥፍ ያስከፍላል። ስለዚህ የፈራች ልጅ «ይቅርብኝ» ብላ ማለፉ አያዋጣትም፤ ሳይመቻትም ትዘልላለች። በጣቷ ጫፍ ብቻ ይዛ ዘንጉ ሲያመልጣት እጇን ዘርግታ ትወድቃለች። ከዚያ በኋላ የሚከተለውን፣ ማለትም ከክርን በላይ የሚደርሰውን የክንድ አጥንት ስብራት፣ የክርን ውልቃትና የእጅ አንጓ ስብራት፣ የድንገተኛ ክፍል ባልደረቦች አሳምረው ያውቁታል።

መፍትሔው በመሣሪያው ውስጥ አለ። በዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት ሊጠብና ሊሰፋ ይችላል። የሰያፉ ርቀት ከ180 ወደ 160 ሳ.ሜ. ቢወርድ የአግድሙ ርቀት ከ161 ወደ 139 ሳ.ሜ. ገደማ ይቀንሳል፤ የጎደላት 30 ሳ.ሜ.ም 10 ብቻ ይሆናል። ረጅም ልጅ ይህን ማድረግ አትችልም፤ ምክንያቱም ከላይኛው ዘንግ ተንጠልጥላ ስትወዛወዝ እግሯ ከታችኛው ዘንግ ጋር ይጋጫል። የአጭሯ ልጅ ርዝመት ግን፣ የእግሯ ጣቶች ተዘርግተው እንኳ፣ ከ160 ሳ.ሜ. ብዙም ስለማያልፍ ርቀቱ በእርሷ ልክ ሊስተካከል ይችላል። ዘንጉን ሩቅ የሚያደርግባት አጭርነቷ ዘንጎቹን ለማቀራረብም የሚያስችላት እርሱ ነው። ይሁን እንጂ በውድድር ቀን አንዳንድ አሠልጣኝ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ለቡድኑ በሙሉ አንድ መጠን አስተካክሎ ይተወዋል። ይህ በእኔ አመለካከት ከደንቡ ጥብቅነት ይልቅ ጉዳት የሚያስከትል ልማድ ነው።

ሌሎችም የተፈቀዱ መንገዶች አሉ። ልጅቱ የታችኛውን ዘንግ ለመያዝ መንጠሪያ ሰሌዳ መጠቀም ትችላለች። አሠልጣኙም እስካልነካት ድረስ በአጠገቧ ሊቆም ይችላል፤ ብትወድቅ ለመያዝ የተዘጋጀ ሰው መኖሩን ማወቋ ብቻውን በሙሉ ኃይሏ እንድትዘልል ያደርጋታል። በዓለም አቀፉ ደንብ እግራቸው ምንጣፉን የሚነካባቸው ረጃጅም ተወዳዳሪዎች ሁለቱም ዘንጎች ከፍ እንዲሉላቸው መጠየቃቸው የተፈቀደ ነው፤ ለአጫጭሮቹ የቀረው በዋናነት ይኸው የርቀቱ ማስተካከያ ነው።

አጭርነት ጉዳት ብቻ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ኪፕ የሚባለውን መሠረታዊ እንቅስቃሴ እንውሰድ። ልጅቱ ከታችኛው ዘንግ ተንጠልጥላ፣ እግሯ ወለሉን ሳይነካ ወደፊት ከተንሸራተተች በኋላ፣ በክንዷ ገፍታ ከዘንጉ በላይ ትወጣለች። ረጅሟ ልጅ እግሯ ምንጣፉን እንዳይጭር ስትጨነቅ አጭሯ ተዘርግታ በነፃነት ታልፋለች። የተፈጥሮ ሕግም ይረዳታል። በብስለት ደረጃቸው ተመሳሳይ ከሆኑ ሁለት ልጆች አንደኛዋ በ20 በመቶ ብታጥር፣ የጡንቻዋ ወርድ ስፋት ወደ 64 በመቶ ሲወርድ ክብደቷ ግን ወደ 51 በመቶ ይወርዳል፤ ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸር ጉልበቷ በ25 በመቶ ይበልጣል ማለት ነው። ሰውነቷ መሽከርከርን የሚቋቋምበት መጠን ደግሞ ወደ አንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። በአንጻሩ ውዝዋዜዋ ፈጣን ስለሆነ እንቅስቃሴውን በትክክለኛው ቅጽበት ለመፈጸም ያላት ጊዜ ያጥራል። ከአግድም ወደ ታች በምትወዛወዝበት ጊዜ እጇ የሚሸከመው ኃይል በስሌት ከክብደቷ ከ2.5 እስከ 3 እጥፍ ሲሆን፣ ይህ ቁጥር በቁመት አይለወጥም።

ያንን ኃይል የሚሸከመው ትንሽ መዳፍ ነው። የዘንጉ ውፍረት 4 ሳ.ሜ. ገደማ በመሆኑ ዙሪያው ወደ 12.5 ሳ.ሜ. ይደርሳል፤ የ7 ዓመት ልጅ የእጅ ርዝመት ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ብዙዎቹ በመዳፋቸው ላይ ግሪፕ የሚባል የቆዳ መያዣ ያደርጋሉ። ግሪፑ ከእጇ ልክ ከሰፋ ወይም በአገልግሎት ብዛት ከተለጠጠ ቆዳው በዘንጉ ዙሪያ ተደራርቦ ሊነክስ ይችላል፤ እጅ ሲቆም ሰውነት መዞሩን ስለሚቀጥል የክንድ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ለታላቅ እኅት የተገዛ ግሪፕ ለታናሿ የማይወረሰው ስለዚህ ነው። የመዳፍ ቆዳ መላጥ ግን ቀላል ነገር ነው፤ በውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ የተላጠው ተቆርጦ፣ ተሸፍኖ እስኪድን ድረስ ከዘንግ መራቅ ይበቃዋል።

የበለጠ ትኩረት የሚሻው የእጅ አንጓ ሕመም ነው። በጂምናስቲክ እጅ የእግርን ሥራ ስለሚሠራ፣ በራዲየስ አጥንት የታችኛው ጫፍ ያለው የማደጊያ ንጣፍ በተደጋጋሚ ጫና ይጎዳል። ልጅቱ እጇን ወደ ኋላ አጥፋ ስትደገፍ በአንጓዋ ጀርባ በኩል ያማታል፤ ንጣፉ ባለበት ቦታ ሲጫኑትም ትሸሻለች። ራጅ ሲነሣ ንጣፉ ሰፍቶና ጠርዙ ተዛብቶ ሊታይ ይችላል፤ በመጀመሪያው ጊዜ ግን ምንም ላያሳይ ስለሚችል ንጹሕ ራጅ ሕመሙን ውድቅ አያደርገውም። ችላ ከተባለ ንጣፉ ያለጊዜው ተዘግቶ ራዲየስ ሊያጥር፣ አልና የተባለው ጎረቤቱም ሊረዝምበት ይችላል። ሕክምናው ሕመሙ እስኪጠፋ ድረስ በእጅ መደገፍን ማቆም ነው፤ ይህም ከሳምንታት እስከ ወራት ሊወስድ ይችላል።

ከእናቶች ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ «ልጄ ያጠረችው በጂምናስቲኩ ምክንያት ነው ወይ?» የሚል ነው። በ2013 ሮበርት ማሊና ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ሥልጠናው የመጨረሻውን ቁመት እንደሚቀንስ የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላገኘም። የጂምናስቲከኞቹ ወላጆችም በአብዛኛው አጫጭር ናቸው፤ ስፖርቱ አጫጭሮቹን ይመርጣል፣ ረጃጅሞቹም ቀስ በቀስ ይተዉታል። ይህን ለእናቲቱ መንገር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ተመክቶ የእድገት ሰንጠረዡን አለመሙላት አይገባም። ቁመቷ ለረጅም ጊዜ በአንድ መስመር ላይ ስትጓዝ የቆየች ልጅ አጭር ብትሆንም ጤናማ ልትሆን ትችላለች። ከቀድሞ መስመሯ የወረደች ልጅ ግን ምን ያህል እንደምትመገብ በጥሞና መጠየቅ አለባት፤ ምክንያቱም ቀላል ሰውነት በዘንግ ላይ ጥቅም እንዳለው ልጆቹ ራሳቸው ቶሎ ይረዱታል፤ ምሳቸውን ለጓደኛ መስጠትም ይጀምራሉ። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ከ2014 ጀምሮ በስፖርት ውስጥ የሚደርስ የኃይል እጥረት ብሎ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው፤ ጉዳቱም ከወር አበባ መዘግየት አልፎ አጥንትን እስከማሳሳት ይደርሳል።

ለአሠልጣኙ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ «ስፖርት ታቁም» ብሎ ማሰናበት ብዙ ጊዜ ተሰሚነት አያገኝም፤ ልጅቱም ሕመሟን መደበቅ ትጀምራለች። ይልቁንም በእጅ መደገፍና መወዛወዝ እስከ መቼ እንደተከለከለ፣ የእግርና የሆድ ጡንቻ ልምምዱ ግን እንደሚቀጥል፣ ስትመለስም ዘንጎቹ በእርሷ ልክ እንዲጠብቡና የላይኛውን ዘንግ ዝላይ አስቀድማ ስፖንጅ በተሞላ ጉድጓድ ላይ እንድትለማመድ በግልጽ ይጻፍ፤ የሚቀጥለው ምርመራ ቀንም ከደብዳቤው ግርጌ ይመልከት።