ጨጓራ የሚመስለው የልብ ሕመም

ካት ላብ ውስጥ፣ የልብ ደም ሥር በሚመረመርበትና በሚከፈትበት ክፍል፣ ከጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ማዕድን ያለበትን ከባድ ሽርጥ ለብሰን ስክሪኑ ላይ ስናፈጥ፣ እርስ በርስ የምንነጋገረው ለቤተሰብ ከሚነገረው ይለያል። ውጭ ለሚጠብቁት «የልብ ደም ሥሩ ተዘግቷል» ይባላል። እኛ ግን የምንጠያየቀው «የትኛው?» እያልን ነው።

ትልቁ የደም ቧንቧ አኦርታ ከልብ እንደወጣ፣ ገና ከሥሩ ሳይርቅ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ቧንቧዎች ያወጣል። ልብ ከሚረጨው ደም 5 በመቶ ያህሉን ለራሱ የሚያስቀረው በእነዚህ ነው። የግራው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በጎን ዞሮ ይሄዳል፣ ሌላው በልብ ፊት ለፊት ወደ ጫፉ ይወርዳል። ይህ ሁለተኛው ኤል ኤ ዲ የምንለው ነው። አናቱ ላይ ሲደፈን ካት ላቡ ጸጥ ይላል። የሱን ክፋት ግን ሁሉም ያውቀዋል።

እኔ ሹክ ልላችሁ የፈለግሁት ስለ ቀኙ ነው። ከ10 ሰው በ8ቱ ገደማ የልብን የታችኛውን ግድግዳ የሚመግበው እሱ ነው። ያ ግድግዳ ደረትን ከሆድ በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራም ላይ ያረፈ ነው፤ ከድያፍራሙ ሥር ደግሞ ጨጓራ አለ። ስለዚህ ቀኙ ሲዘጋ አንዳንዱን ሰው ደረቱን አይዘውም። ከእምብርቱ በላይ ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል። «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ይላል፤ ተልባ ይበጠበጥለታል፣ ጠጥቶ ጋደም ይላል። የልቡ ጡንቻ በዚያች ሰዓት እየሞተ ነው።

የልብን ምት የሚያስጀምረውን ቦታም በብዙ ሰው ላይ የሚመግበው ይኸው ቀኙ ነው፤ ስለዚህ ቀኙ ሲዘጋ ምቱ ሊዘገይ፣ ሰውየውም ራሱን ሊስት ይችላል። ሌላም አለ። ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የምትደረገው ናይትሮግሊሰሪን፣ በቀኙ መዘጋት የልብ ቀኝ ክፍል ከተጎዳ የደም ግፊቱን አውርዳ ልትጥለው ትችላለች። ልምድ ያላት ነርስ ይህን ስለምታውቅ ክኒኗን ከመስጠቷ በፊት የልብን ኤሌክትሪክ ከሚመዘግበው ከኢሲጂው ሽቦዎች አንዱን ነቅላ፣ ቀኝ ክፍሉ መጎዳቱን ለማየት ወደ ቀኝ ደረቱ ታዛውረዋለች። ሥራዋ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ነፍስ ግን ያድናል።

የልብን ቧንቧዎች በኤክስሬይ በሚታይ ቀለም ለይቶ የማየት ሥራችን ራሱ የተጀመረው በዚሁ በቀኙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ክሊቭላንድ ውስጥ ዶክተር ሜሰን ሶንስ ምርመራ ላይ ሳሉ ካቴተሩ (ቀለሙ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ) ሳይታሰብ የታካሚው ቀኝ የልብ ቧንቧ ውስጥ ገባና ቀለሙ እዚያው ተረጨ። ልቡ ቆመ። እንዲስል አዘዙት፣ ሳለ፣ ልቡ ተመለሰ። ቀለም በቀጥታ ወደ ልብ ቧንቧ ከገባ ይገድላል የሚለው እምነት ያን ቀን ተሰበረ። ዛሬም ምቱ ሲዘገይብን «አባባ፣ ይሳሉ! ጠንከር አድርገው!» እንላለን።

የተዘጋው ቧንቧ በሚነፋ ባሉንና ቧንቧውን ከፍቶ በሚይዝ መረብ፣ በስቴንት፣ ይከፈታል፤ ታካሚው በደረሰ 90 ደቂቃ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ካት ላብ በየከተማው የለም፤ ኢሲጂ ግን በብዙ ሆስፒታል አለ፣ በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሊነሳም ይገባል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት፣ ወይም የሚያጨስ ሰው «ጨጓራዬ» እያለ በላብ ከተጠመቀ፣ ተልባውን ትታችሁ ሆስፒታል አድርሱት። «ኢሲጂ ይነሳለት፣ በቀኝ በኩልም ይታይ» በሉ። የመጀመሪያው ደህና ነው ቢባልና ሕመሙ ካልተወው፣ እንዲደገምለት ጠይቁ።